ከኳስ ሜዳ እስከ ካርቱም ጉባኤ፦ የይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ከእርሻ መልስ፣ ከብቱን አስገብታችሁ፣ ባናችሁን ደርባችሁ በትምህርት ጣቢያው ራዲዮ ዙሪያ የተሰበሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ?

የዛሬው ትምህርታችን የታሪክ ትምህርት ነው። ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ንጉሥና ጦርነት ነው። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ አንድ የኳስ ተጫዋች ነው። «ለኳስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ኳስ የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚል አዛውንት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስኪ ታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ፣ ዕድሜያችሁን እያሰላችሁ መከተል ትችላላችሁ።

አስቀድመን ወደምናውቀው ጨዋታ እንሂድ። ገናን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ሜዳው ሲለቀቅ፣ የላይኛው መንደር ከታችኛው መንደር ለሁለት ተከፍሎ፣ ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ጥንጓን እያጎነ ሲሯሯጥ ይውላል። ቅልጥም ይመታል፣ ግንባር ይፈነከታል። ግን በዚያ ሜዳ ላይ አንድ የታወቀ ደንብ አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ባላባቱም ገብቶ ቢጫወት፣ የገዛ አሽከሩ ቢያንገዳግደው ቂም መያዝ ነውር ነው። ከሜዳው ውጭ ጌታና ሎሌ ነበሩ። ሜዳው ውስጥ ግን ሁለቱም ዱላ የያዙ ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

የዛሬው ባለታሪካችን አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን፣ ጅማ ከተማ ነው። ትውልዳቸው ጅማ ይሁን እንጂ አባታቸው የእኛው የሸዋ ሰው፣ የምንጃር ተወላጅ ናቸው። አባትየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ይባላሉ። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ስማቸውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ነጋድራስ ተሰማ በ1900 ዓ.ም. ግድም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ነገር ተምረዋል። እዚያው ሳሉም ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጿል። በሸክላ ዘፈናቸው ከተቀረጸ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ቅኔ ዐዋቂ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ነበሩ። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ በመሆናቸው ግን ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ መከራው ለእሳቸውም ተርፏል። እንግዲህ ልጃቸው የተወለደው ከዚህ መከራ በኋላ ነው። ስሙንም ይድነቃቸው አሉት። ይገርማቸው፣ ይደነቁ ማለት ነው። ለማን እንደተነገረ ስሙን ያወጡት አባት ያውቃሉ። ቅኔ የለመደ ሰው ስም ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም።

ልጁ ይድነቃቸው አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያን ጊዜ የእግር ኳስ ጨዋታ ለአገራችን እንግዳ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የሚጫወቱት አብዛኛዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አርመኖቹ፣ ግሪኮቹ፣ ጣሊያኖቹ፣ ሕንዶቹ በየማኅበራቸው ቡድን አቋቁመው እርስ በርሳቸው ይጋጠሙ ነበር። ያገሬው ልጅ ከዳር ቆሞ ያያል፣ ኳሷ ስትወጣ ሮጦ ያመጣል። ታዲያ በ1928 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የአራዳ ልጆች «እኛስ?» ብለው የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ስሙንም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ዛሬም ያ ክለብ አለ። ክለብ ማለት ለጨዋታ የተቋቋመ፣ አባልና መተዳደሪያ ደንብ ያለው ማኅበር ማለት ነው።

ወሩን ልብ በሉት። በታኅሣሥ 1928 የጣሊያን ጦር በሰሜን ገብቶ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። አባቶቻችን በመንዝና በመርሐቤቴ ገደል ለገደል አምስት ዓመት እንዴት እንደተዋጉ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እሱን አልናገርም። ከተማ ውስጥ ስለነበረው አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ።

ፋሺስቶቹ የዘር ሕግ አወጡ። ነጭና ጥቁር በአንድ ሲኒማ ቤት እንዳይቀመጥ፣ በአንድ አውቶቡስ እንዳይሳፈር፣ በአንድ ሰፈር እንዳይኖር የሚል ሕግ ነው። ኳስም አልቀረለትም። ጣሊያኑ ከጣሊያኑ ጋር፣ ያገሬው ልጅ ከያገሬው ልጅ ጋር ለየብቻ እንዲጫወት ሆነ። ለምን ይመስላችኋል? ኳስ ሜዳ ላይ ጥቁሩ ነጩን ቢያሸንፍስ? ሕዝብ ቆሞ እያየ፣ ጎል እየተቆጠረ፣ ይህን በምን ይደብቁታል? ገዥ ነኝ ለሚል ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ከ14 እስከ 19 ዓመት ያለ ጎረምሳ ነበሩ። ሰው ነገር የሚገባውና የማይረሳው በዚያ ዕድሜ ነው። እኔ መምህር ነኝና ልጆችን ሳይ ይህን አውቃለሁ። በኋላ ስለሠሩት ሥራ ሳስብ ምንጩ ይህ የጉርምስና ጊዜ ይመስለኛል።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ጨዋታው እንደገና ተጀመረ። ይድነቃቸው ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ። ዐሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። ለአንድ ክለብ፣ ያውም በዚያ ዘመን ሜዳ፣ በዚያ ዘመን ጫማ! አጥቂ ነበሩ። አጥቂ ማለት ፊት ተሰልፎ ጎል የማግባት ኃላፊነት ያለበት ተጫዋች ነው። በ365 ጨዋታ 318 ጎል ይቆጠርላቸዋል። ይህን ለማካፈል ሒሳብ የጀመራችሁ ተማሪዎች ደብተራችሁ ላይ ሞክሩት። በአማካይ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ጎል ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

ያን ጊዜ ኳስ እንጀራ አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን በሥራው ላይ ይውላል፣ ሲመሽ ሜዳ ይወርዳል፣ ደመወዙ የሰው ጭብጨባ ነው። ይህ ጣጣ በእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ራግቢ የሚባል፣ ኳሱን በእጅ ይዘው እየሮጡ የሚጫወቱት፣ ትግልም ሩጫም ያለበት ጨዋታ አለ። ከሩቅ ላየው ሰው ከእግር ኳስ ይልቅ የእኛን የገና ግርግር ይመስላል። በሰሜን እንግሊዝ ይህን የሚጫወቱት የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። «ለጨዋታ ስንሄድ የቀን ገቢያችን ይቀርብናል፣ የቀረብንን ክፈሉን» አሉ። ጌቶቹ እምቢ ቢሉ በ1887 ዓ.ም. ሰሜኖቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ራግቢ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የጨዋታ ነገር ሲነሣ የእንጀራ ነገር ሁልጊዜ ከኋላው አለ።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ያቋቋመችው ከነጻነት በኋላ ወዲያው ነው። ፌዴሬሽን ማለት ክለቦቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ደንብ፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ መዝገብ እንዲኖራቸው የሚያደርግ የበላይ ማኅበር ነው። በ1936 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮና ተካሄደ። ማን አሸነፈ መሰላችሁ? የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች ቡድን! ጣሊያን ወጥቶ እንግሊዝ ገና አልወጣም ነበርና፣ ዋንጫውም እዚያው ሄደ። በ1940 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ቡድን በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን የውጭ አገር ግጥሚያ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ማለት ነው፣ አድርጎ 5 ለ 0 አሸነፈ።

ይድነቃቸው እየተጫወቱ ሳለ በወረቀቱም ሥራ ገቡ። የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት፣ ከውጭ አገር ጋር የሚደረገው መጻጻፍ፣ የውድድር ዝግጅት ሁሉ የእሳቸው እጅ ያለበት ሆነ። በአንድ እጃቸው የቡድን ማሊያ፣ በሌላው ብዕር ነበር ማለት ይቻላል። ብዕሩ ምን እንደሠራ አሁን እናያለን።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም የአራት አገሮች ሰዎች ተሰበሰቡ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ለምን አራት ብቻ? ምክንያቱም የቀረው አፍሪካ አብዛኛው በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበር። ሱዳን ራሷ ነጻ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ጋና ነጻ የወጣችው ከዚያ ስብሰባ በኋላ በዚያው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። የስብሰባው ጉዳይ የአፍሪካን እግር ኳስ በአንድ የሚያስተዳድር ኮንፌዴሬሽን ማቋቋምና የአፍሪካን ዋንጫ መጀመር ነበር። ከኢትዮጵያ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ዕድሜያቸው 35 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ግብፃዊው አብደል አዚዝ አብዳላህ ሳሌም ሆኑ። ዋንጫውም በስማቸው ተጠራ።

ዕጣ ወጣ። ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ደረሳቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው። በደቡብ አፍሪካ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ አፓርታይድ የሚባል ሥርዓት ነበር። አፓርታይድ ማለት ነጭን ከጥቁር ለይቶ፣ ነጩን በላይ ጥቁሩን በታች አድርጎ፣ በሕግ የሚገዛ አገዛዝ ነው። ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን አይሰለፍም። የደቡብ አፍሪካው መልእክተኛ ፍሬድ ፌል ሁለት ምርጫ ብቻ አቀረቡ፦ ወይ ሙሉ በሙሉ የነጮች ቡድን እንልካለን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የጥቁሮች ቡድን እንልካለን፣ የተቀላቀለ ግን አንልክም።

አሁን እናንተ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቢሆን ምን ትሉ ነበር? አንዳንድ ሰው «ጥቁሮቹ ይምጡ፣ ምን ቸገረን?» ሊል ይችላል። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የጥቁሮቹን ቡድን ብቻ መቀበል የመለየቱን ሕግ መቀበል ነው። የሚመጣው ቡድን ጥሩ ተጫዋች ስለሆነ ሳይሆን በቆዳው ተቆጥሮ ነዋ የተመረጠው። ሌሎቹ ሦስት አገሮች ምርጫውን ሁለቱንም አልተቀበሉትም። «ቀለም ሳትለዩ የምትሰለፉ ከሆነ ኑ፣ አለዚያ ቅሩ» ሆነ ነገሩ። ደቡብ አፍሪካ ቀረች።

ልብ በሉ፣ የቀረችው የኢትዮጵያ ተጋጣሚ ነች። ስለዚህ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳትጫወት ለዋንጫው አለፈች። «እሰይ፣ አተረፍን!» የሚል ካለ ቀሪውን ይስማ። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ተጋጠምን። ግብፆች 4 ለ 0 አሸነፉን፣ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የሚሉት አንድ ሰው ነው። በሁለተኛው ዋንጫ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ያው ግብፅ ያው 4 ለ 0 አገባችብን። ይህን የምነግራችሁ ለማሳፈር አይደለም። ትክክለኛ ውሳኔ የወሰነ ሰው በማግስቱ ሊሸነፍ እንደሚችል ሳይነገር ታሪኩ ሙሉ አይሆንም ብዬ ነው።

ሦስተኛው ዋንጫ የተዘጋጀው በእኛው አገር፣ አዲስ አበባ፣ በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ይድነቃቸው መጫወት አቁመዋል። አሁን አሠልጣኝ ናቸው። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከሳምንት በኋላ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ያችው ግብፅ መጣች። ያን ጊዜ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ሁለት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደች አገር ናት።

ጨዋታውን እንደ ተረት ልንገራችሁ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የተባለው ግብፃዊ አገባ። ዕረፍት ሆነ፣ 1 ለ 0 ተመራን። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ተለፍቶ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሜዳው ገና እየጮኸ፣ ሰው ባርኔጣውን ወርውሮ ገና ሳይቀበል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያው ባዳዊ ደግሞ አገባ! ሁለት ለአንድ። ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። አምበል ማለት የቡድኑ መሪ ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፣ ሁለት ለሁለት። ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። አራት ለሁለት! ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ።

ያ አምበል ማን ነው? ሉቺያኖ ቫሳሎ አሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑ ልጅ ነው። ጠላት ነጭና ጥቁር አይቀላቀል ብሎ ሕግ ካወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከሁለቱም የተወለደ ልጅ የኢትዮጵያን ቡድን መርቶ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። አሠልጣኙ ደግሞ ያን ሕግ በጎረምሳነታቸው ያዩት ሰው ናቸው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የይድነቃቸው ሜዳ ስብሰባ አዳራሽ ሆነ። በዓለም ላይ እግር ኳስን ሁሉ የሚያስተዳድር ፊፋ የሚባል ማኅበር አለ። በ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ አገር ሊደረግ 16 ቦታ ነበረው። አከፋፈሉን ስሙ፦ ለአውሮፓ 10፣ ለደቡብ አሜሪካ 4፣ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ 1። አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያንያ፣ የዓለም ሕዝብ አብዛኛው ማለት ነው፣ ሦስቱ ለአንዲት ቦታ ይሻሙ ተባለ። አንድ እንጀራ ለሦስት ቤተሰብ እንደማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የኢትዮጵያው ይድነቃቸው ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ፊፋ አልሰማም። ሊወዳደሩ ተመዝግበው የነበሩት 15 የአፍሪካ አገሮች «እንግዲያስ አንመጣም» ብለው ቀሩ። የዚያን ዓመት ዋንጫ አንድም የአፍሪካ ቡድን ሳይኖርበት ተደረገ። ለዚያ ትውልድ ተጫዋቾች ከባድ ዋጋ ነው፣ ዕድላቸው ያችው ነበረችና። ነገር ግን ለሚቀጥለው ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት። በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ሁለት ቦታ ሆነ። ቡድኖቹ ወደ 48 ከፍ ባሉበት በ2018 ዓ.ም. ዋንጫ የአፍሪካ ድርሻ 9 ቀጥተኛ ቦታ ሆኗል።

የደቡብ አፍሪካም ነገር አላለቀም ነበር። ፊፋ ያችን አገር አንዴ አገዳት፣ የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ደግሞ እገዳው እንዲነሣ አደረጉ። አፍሪካውያኑ ተነሥተው በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ እንደገና አሳገዷት። በድምፅ ብልጫ! እጅ የሚያወጣ ሰው ሲበዛ ጌታም ቢሆን ይሰማል። ራውስ ራሳቸው በ1966 ዓ.ም. በብራዚሉ ሃቬላንጅ ተሸንፈው ከወንበራቸው ሲወርዱ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

በ1964 ዓ.ም. ለይድነቃቸው ሁለት ኃላፊነት በአንድ ዓመት መጣ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነውም ተመረጡ። ፕሬዚዳንትነቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያዙት።

በ1968 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ልጨምር፣ ያ ራግቢ የሚባለው ጨዋታ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣልና። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከነጮቹ ጋር ተጫወተ። የአፍሪካ አገሮች «እንዲህ ያደረገች አገር በኦሊምፒክ ካለች እኛ የለንም» አሉ። ከሃያ በላይ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ትተው ተመለሱ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ዝነኛው ሯጭ ምሩፅ ይፍጠር በዚያ ኦሊምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣ። እሱስ ታገሠና አገኘ። ጊዜያቸው ያለፈባቸው ሌሎች ግን ነበሩ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ እጁን የሚያወጣ መሪ የሚከፍለው በሰው ጉልበትና በሰው ዕድሜ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ውሳኔውን እንደ ቀላል ይቆጥረዋል። በዚያው በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረራት።

አንድ ነገር ላይ ግን እኔ ከአቶ ይድነቃቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የአፍሪካ ጎበዝ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መሄዳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። «ጥሬ ዕቃችንን ወስደው እንደሚያደኸዩን፣ ተጫዋቾቻችንንም እየወሰዱ ኳሳችንን ያደኸዩታል» የሚል ነበር የሐሳባቸው ፍሬ። ለአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከውጭ ከሁለት በላይ ተጫዋች እንዳያመጣ የሚል ደንብ ከ1957 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ወደ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ጸንቶ ቆይቷል። ሐሳቡ ይገባኛል። ቤቱን ጠብቆ ዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ደመወዝ ለአንድ ክለብ የተጫወተ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም። ነገር ግን ያ የሰሜን እንግሊዝ የከሰል ቆፋሪ እንዳለው፣ ተጫዋቹም ልጆች አሉት፣ ጉልበቱም ከዐሥር ዓመት በላይ አይቆይም። ደንቡ በኋላ ተነሣ። እናንተም በየጣቢያችሁ ተከራከሩበት፣ ለንባብ ሰዓት ጥሩ መወያያ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ታመው፣ ሥራቸውን ግን ሳይተዉ ቆይተው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነበር። በዕንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ማረፍ፣ አባታቸው ቢኖሩ አንድ ቅኔ ሳይቋጥሩበት አያልፉም ነበር። ዕድሜያቸው 66 ሊሞላ የቀረው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

የደቡብ አፍሪካን መመለስ አላዩትም። የአፓርታይድ ሕጎች ከተሻሩ በኋላ በ1984 ዓ.ም. አገሪቱ ወደ አፍሪካና ወደ ዓለም እግር ኳስ ማኅበር ተመለሰች። በሰኔ 1987 ዓ.ም. የነጮቹ መታወቂያ በነበረው በዚያው በራግቢ የዓለም ዋንጫ አገኘች፣ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላም አረንጓዴውን ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ሰጡ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥር 25 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በጆሃንስበርግ የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ። በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ የተከለከለው ዓይነት ቡድን፣ ነጩም ጥቁሩም ክልሱም አንድ ማሊያ ለብሶ፣ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱንም ጎል ያገባው ተቀይሮ የገባው ማርክ ዊልያምስ ነው። ዋንጫውን ያነሣው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነበር፣ ማንዴላም ከጎኑ ቆመው ነበር።

ለዛሬ እዚህ ላይ ይበቃናል። ደብተራችሁ ላይ ካርቱም፣ ፌዴሬሽን፣ ደንብ የሚሉትን ቃላት ጻፉልኝ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ እናነባቸዋለን። ደኅና እደሩ።